የእትዬ ሰኪና ግማሽ ኪኒን

ትናንት ከሰዓት ጎረቤቴ ይመር በሬን አንኳኩቶ፣ «እስቲ ከዚያች ከግፊት ኪኒንህ አንድ ስጠኝ፤ ራሴን ወጥሮኛል» አለኝ። ክብሪት የሚበደር ነበር የሚመስለው። አልሰጥህም፣ ሄደህ ተለካ አልኩት። «ለአንዲት ኪኒን!» ብሎ አኩርፎኝ ሄደ። እኔም ተናድጄ ቀረሁ፤ ንዴቴ ግን የትናንት ብቻ አይደለም።

በነርስነት ተመርቄ እዚሁ ሐይቅ ከተማ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ እትዬ ሰኪና የሚባሉ የልብ ድካም ያለባቸው እናት ነበሩ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ትራስ ደራርበው ተደግፈው ነው የሚያድሩት። እግራቸውን በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ደሴ ያያቸው ሐኪም ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ ኪኒን አዘዘላቸው፤ በየጠዋቱ አንድ ሙሉ። የእኔ ሥራ መከታተል ነበር፤ እመዝናቸዋለሁ፣ እግራቸውን አያለሁ፣ ጨው አይብሉ እያልኩ እጨቀጭቃቸዋለሁ።

መድኃኒቱ ግን አልሠራ አለ። እብጠቱ አይጎድልም፣ ትንፋሹም አይሻልም። ኪኒኑን ይውጣሉ ወይ ስላቸው፣ «ወላሂ አንድ ቀን አላስታጎልኩም!» ይላሉ። እንግዲያው ጨው ነው ብዬ አንድ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። ክረምት ስለነበር የሐይቁ ዳር ጭቃ ጫማዬን እያወለቀ ተጫወተብኝ። ሽሯቸውን ቀመስኩ። ጨው የሚባል አልነካውም፤ እንዴት እንደሚበሉት እንጃ። ደግሞ ይሄም አናደደኝ፣ ምክንያት አጣሁ።

በዚህ መሃል አጥር የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው እማማ አስካለ ገቡ። እትዬ ሰኪና ኪኒኗን አወጡ፣ በጥርሳቸው ለሁለት ገመሷት፣ ግማሿን ለእማማ አስካለ ሰጡ።

«ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«የሷም እግር ያብጣል እኮ ልጄ» አሉኝ እትዬ ሰኪና። «እሷ እያየችኝ ብቻዬን ልዋጥ?»

የእማማ አስካለን እግር አየሁት። ዝሆኔ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን በባዶ እግር እርሻ ሲረግጡ የመጣባቸው። ከልብ ጋር ምንም አያገናኘውም። «ይሄ ለእርስዎ አይጠቅምም፤ ለእሳቸው ግን ሕይወታቸው ነው» አልኳቸው። እግራቸውን በሳሙና እንዲታጠቡና ጫማ እንዲያደርጉም ነገርኳቸው። ሁለቱም በጥሞና ሰሙኝ። እትዬ ሰኪና «እሺ ልጄ» አሉኝ። እኛ ዘንድ «እሺ» የሚባለው ለመስማማት ብቻ አይደለም፤ እንግዳ ሳይከፋው እንዲሄድም ይባላል።

እትዬ ሰኪና እየባሰባቸው ሄደ። መስከረም ላይ፣ የግሸን ተሳላሚዎችን የጫኑ አውቶቡሶች በከተማው ሲያልፉ፣ ሞቱ። ከቀብር መልስ እማማ አስካለ ጠሩኝና የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው መዳፌ ላይ ዘረገፉት። ሁሉም ግማሽ ግማሽ ኪኒን ነበር።

«አይጠቅምም ካልከኝ ወዲህ አንድም አልዋጥሁ» አሉ።

«ታዲያ ለምን ይቀበሏቸዋል?»

«እጇን ዘርግታ ስትሰጠኝ እንቢ ልበላት? ይከፋታላ!»

«ለእኔስ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ታዲያ እንዴት አድርጌ ላሳጣት ልጄ?»

ልቆጣቸው አፌን ከፈትኩ፤ ግን እንባቸው እየወረደ ነበር። በማን እንደምናደድ ጠፋኝ፤ እስከ ዛሬም አላገኘሁትም። አንዷ በደግነት ሰጠች፣ አንዷ በይሉኝታ ተቀበለች፣ መድኃኒቱ ነጠላ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ከረመ።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ሳትቀር፣ «ብትሰጠው ምን ነበረበት?» አለችኝ። ረፋዱ ላይ ይመር ከጤና ጣቢያው በኩል ሲመጣ በአጥሩ አየሁት። የግራ እጅጌው ገና እንደተጠቀለለ ነው፤ ተለክቶ መምጣቱ ነው። እኔን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

ያኩርፍ። አኩርፎም ቢሆን ይተንፍስ።