የአልጋ ሥር ድንች

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ወሎ በተራበበት፣ ሰው ሬዲዮ ያለበት ቤት እየተሰበሰበ «ንጉሡ ሊወርዱ ነው» እያለ በሚንሾካሾክበት ዓመት፣ መካነ ሰላም ቤታችን ውስጥ፣ ከአልጋው ሥር፣ ግማሽ ኬሻ ድንች ነበረን። አክስቴ ከአቀስታ የላከችልን ነው። አባቴን የመንግሥት ሥራ ደሴ ስላስቀረው ቤት ውስጥ ያለነው እናቴ፣ እኔና አራት ዓመት ያልሞላው ወንድሜ ብቻ ነበርን። ድንቹ ከርሞ አጎንቁሏል፤ ነጫጭ ቡቃያው በኬሻው ቀዳዳ ብቅ ብቅ ብሎ ነበር።

እናቴ ጉንቁሉን ቀንጥሳ ልትጥል ስትል ጎረቤታችን አያ ይመር ደረሱ። ሸማኔ ነበሩ፤ ሚስታቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን የሚኖሩ ቁጡ ሰው። ስለ ንጉሡ ወሬ ሲነሣ እንኳ «ሬዲዮው እህል ካመጣ ጥሩኝ» ብለው ይሄዳሉ።

«ኧረ በአላህ! ዘሩን ነው እንዴ የምትጥይው?» ብለው ጮኹባት።

ከዚያ ተስማሙ። ሥጋውን እኛ እንበላለን፤ ቡቃያ የሚያወጣው ዓይን ዓይኑ ግን አውራ ጣት ከሚያህል ሥጋ ጋር ተቆርጦ ይቀመጣል፤ በልግ ሲጥል ከእሳቸው ጓሮ ይተከላል፤ የወጣው ለሁለቱ ቤት እኩል ነው።

ያኔ ሲመሻሽ ከምድጃው ዙሪያ እንቀመጣለን፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከእናቴ ጋር፣ ኋላ ብቻዬን ሆኜ እኔ ስቆርጥ አያ ይመር የተቆረጠው እንዳይበሰብስ የበረደ አመድ እየነሰነሱበት ወንፊት ላይ ይደረድሩና ተረት ያወሩልን ነበር፤ እራትም ከእኛው ጋር ይቀምሳሉ። የኩራዙ ጥላሸት አፍንጫችንን ያጠቁረዋል። ወንድሜ አቋርጦ ከጠየቀ «በቃ፣ አለቀ!» ብለው ያኮርፋሉ፤ ኩርፊያቸው ግን እሱ ጉልበታቸው ላይ እስኪወጣ ድረስ ነው። አንድ ምሽት፣ ልጁን ሩቅ አገር ሲሸኝ ከደጃፍ ላይ ስንቁን ቀንሶ ስላስቀረ አባት አወሩልን። ሲጨርሱ አንዱን የድንች ዓይን አንሥተው «ይህችም መንገደኛ ናት። ሥር እስክታወጣ የምትበላው ይህችኑ ሥጋዋን ነው» አሉኝ።

ሰምቻለሁ፤ በደንብ ሰምቻለሁ። ግን ወንድሜ ድስቱን እያየ ሲያለቅስ አንጀቴ አልቻለም። መጀመሪያ ከዓይኑ ጋር የሚቀረውን ሥጋ ጥቂት አሳሳሁ፤ ኋላ ልጣጩ የኩራዝ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ። ድስቱ ሞላ። እናቴም «ዛሬስ በረከት ገባበት» አለች። አያ ይመር ዓይናቸው ደከም ያለ ስለነበር አላዩኝም።

ዝናቡ መጋቢት ላይ ጣለና ተከልን፤ ቀድሞ የተቆረጠው በላይኛው በኩል፣ የኔው በታችኛው። ከወር በኋላ ላይኛው ለምልሞ ወጣ። ታችኛው እንደ ክር የቀጠነ ነገር ብቅ አድርጎ ወደቀ፤ አብዛኛውማ ጭራሽ አልወጣም። አያ ይመር ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው ፈለፈሉና አንድ ባዶ ልጣጭ አወጡ። መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች እናቴ ከኋላችን።

«የኔ ጥፋት ነው። አመዱ ሳይበርድ ነስንሼበት አቃጠልሁት» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ልናገር አፌን ስከፍት ልጣጩን ጨበጡና «ውኃ አምጪልኝ» አሉኝ። ሄድሁ።

እናቴ በጣም ተናደደች። «ይህን ያህል ዕድሜ ኖረው ትኩስ አመድ አይለዩም?» ትል ነበር። ሲመሽ «አያ ይመር፣ ይምጡ እንጂ» ማለቷን ተወች፤ እሳቸው ደግሞ ሳይጠሩ የሚመጡ ሰው አልነበሩም። ተረቱም እራቱም ቀረ። ወንድሜ ለብዙ ቀን በር በሩን ሲያይ ያመሽ ነበር። እኔ ዝም አልሁ። የእናቴን ቁጣ ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሐምሌ ላይ፣ ረሃቡ በባሰበት ሰሞን፣ ድንቹ ወጣ። ላይኛው ጥሩ ሰጠ። ለመካፈል ሲቀርቡ አያ ይመር «ታችኛው ይበቃኛል፤ ያበላሸሁት እኔ አይደለሁ?» አሉ። ከታችኛው የተገኘው አንድ ቁና እንኳ አይሞላም። እናቴ አልተከራከረቻቸውም።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ አያ ይመር ወረኢሉ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው ተባለ። ጠዋት ሮጬ ስደርስ በራቸውን በገመድ እያሰሩ ነበር። በጣም ከስተዋል።

«አያ ይመር፣ እኔ ነኝ ያሳሳሁት» አልኋቸው እያለቀስሁ።

«አውቃለሁ። አብሽሪ። ወንድምሽ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው።»

«እንግዲያ ምን ቀረ!» አሉና ራሴን ዳበስ አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኋት። ትገርፈኛለች ብዬ ነበር፤ አልገረፈችኝም። ትልልቁን ድንች መርጣ ነጠላዋ ላይ ቋጠረችና በወረኢሉ መንገድ ተከተለቻቸው። ከሰዓት በኋላ ቋጠሮዋን እንደያዘች ተመለሰች። ድንቹን ቀቅላ አቀረበችልን፤ እኔና ወንድሜ በላነው፤ ረሃብ ነበርና። እሷ አልቀመሰችም።

በዚያ ክረምት በየመንገዱ ብዙ ሰው ቀርቷል። አያ ይመር ልጃቸው ዘንድ ይድረሱ አይድረሱ የነገረን የለም። መስከረም ላይ ንጉሡ ወርደው ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ እንኳ እናቴ ከወረኢሉ መጣሁ የሚለውን ሁሉ እያስቆመች «ይመር የሚባሉ ሸማኔ አላየህም?» ትል ነበር። እስክትሞት ድረስ መጠየቋን አልተወችም።

ከተረቶቻቸው ብዙው ከእኔ ጠፍቷል። ሰው «ልጅ ነበርሽ» ይለኛል፤ እውነት ነው፣ ልጅ ነበርሁ። ነገር ግን ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ከነበሩት ምሽቶች በአንዱ «እኔ ነኝ» ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ አያ ይመር እራታቸውን እኛ ቤት ይበሉ ነበር።