ከፈትሉ ጋር መተንፈስ

ባሌ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ ሰቲት የወረደ ዓመት፣ ሰቆጣ ውስጥ የእኔን የሚያህል ጆሮ ያለው ሰው አልነበረም። ውሻ ሲጮኽ እነሣለሁ፤ የአህያ ኮቴ ስሰማ እነሣለሁ፤ የጎረቤት በር ሲንኳኳ ሳይቀር እነሣለሁ። አብረውት የወረዱት ለገና ተመልሰዋል። «ትንሽ ሠርቼ እደርሳለሁ ብሏል» አሉኝ። ያቺን «ትንሽ» ስጠብቅ ጾሙም ገባ፣ ፋሲካም አለፈ።

እናቴ ቢጨንቃት እጄን ይዛ እማሆይ ዘንድ ወሰደችኝ። እማሆይ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር በምትገኝ ጎጆ የሚኖሩ መነኩሲት ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት በኻምጣኛ ስለሆነ አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ ቁጣቸው ግን በሁለቱም ቋንቋ ፈጣን ነበር። እኔ ጠበል ያስጠምቁኛል፣ ጸሎት ያበዙልኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። እሳቸው እቴ! ባዘቶና እንዝርት አቀበሉኝና «ተቀመጪና ፍተዪ» አሉኝ።

«እማሆይ፣ መፍተል እኮ እችላለሁ» አልኩ፣ ትንሽ ከፍቶኝ።

«እጅሽ ይችላል። አንቺ ግን የለሽበትም።»

ትምህርታቸው ይኸው ነበር። ባዘቶው ሲሳብ ትንፋሽን ቀስ አድርጎ መሳብ፤ ክሩ እንዝርቱ ላይ ሲጠመጠም ቀስ አድርጎ መልቀቅ። ሲሳብ «እግዚኦ»፣ ሲለቀቅ «መሐረነ»፣ ያውም በልብ እንጂ በአፍ አይደለም። ጣት ጥጡን ይስማ፣ እግር መሬቱን ይስማ። ልብ ከሄደ ሳይቆጡት መመለስ ነው። ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው፤ እኔ የመጀመሪያ ቀን አንዲት ክንድ ክር ሳልፈትል ሰቲት ደርሼ ተመልሻለሁ።

ማምሻውን የፈተልኩትን ከእንዝርቱ ወደ ልቃቂት የሚያጠነጥኑት እሳቸው ነበሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ክሩን በጣቶቻቸው መሐል ያሳልፉታል። ያበጠ ቦታ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። «እዚህ ጋ ውሻ ጮኸ።» ትንሽ አለፍ ብለው፣ ተበጥሶ የተቋጠረበት ላይ፣ «እዚህ ጋ ደግሞ ተነሥተሽ በር ድረስ ሄደሻል» ይሉኛል። አንድም ጊዜ ተሳስተው አያውቁም፤ እኔንም ያናድዱኝ ነበር።

አንድ ቀን እልህ ያዘኝ። «እማሆይ፣ ልቤን እዚህ ካስቀመጥኩት እሱን ማን ይጠብቅልኛል?» ብዬ አለቀስኩ። ፍርሃቴ ይህ ነበር። ካረፍኩ የምረሳው መሰለኝ። እናቱ ሞታለች፤ ከእኔ በቀር በር በሩን የሚያይለት ሰው አልነበረውም።

እማሆይ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። ልብሽ ሰቲት ከወረደ፣ እሱ ሲመጣ ቤት ማን ይቀበለዋል?»

እንዝርቴን አነሣሁ። ክረምቱን ሙሉ ፈተልኩ። ውሻው ይጮኻል፤ መጮኹን እሰማለሁ፤ አልነሣም። ትንፋሼ ይገባል፣ ይወጣል። ዝናቡ የጎጆዋን ክዳን ሲመታ የነበረኝ እርጋታ አሁን ድረስ ይናፍቀኛል። መስከረም ሲጠባ ክሬ በእማሆይ ጣቶች መሐል ሳይቆም አለፈ። «ዛሬ ቤት ነበርሽ» አሉኝና ግንባሬን ሳሙኝ።

ፈትሉ ለእሱ ጋቢ ነበር፣ ሲመለስ ላለብሰው። ሸማኔው ማጉን አይቶ «የመጀመሪያዎቹን ልቃቂቶች ተያቸው፣ ጋቢውን ያበላሹታል» አለኝ። እንቢ አልኩ። እንዳመጣጣቸው በተራ አስገባቸው። ጋቢው በአንደኛው ጫፍ ቋጠሮ በቋጠሮ ሆኖ፣ ወደ ሌላው ጫፍ እየለሰለሰ ሄደ።

ባሌ አልተመለሰም። ሞቷል ያለኝም የለም። እማሆይም ካረፉ ቆዩ። ጠዋት ጠዋት ያንን ጋቢ ተከናንቤ እቀመጣለሁ፤ እንዳስተማሩኝ እስባለሁ፣ እለቃለሁ። ልቤ አሁን ይታዘዘኛል፤ ቤት ነኝ። ናፍቆቱ ሲበረታ ግን ጣቴ በለስላሳው በኩል አይቆይም። እየዳበሰ እየዳበሰ ወደ ሻካራው ጫፍ ይሄዳል። እዚያ ውሻው ይጮኻል፤ እኔም እነሣለሁ።