ጠብታውና የዘሀራ እሾህ

ቅርብ ያለ ነገር ማየት ካቃተኝ ከራርሟል። ደሴ ያለችው ሐኪም በአንዱ ዓይኔ ላይ ጠብታ አደረገችልኝና፣ «አባባ፣ ለጊዜው በአንዱ እንሞክረው። ቅርቡ ይጠራልዎታል፤ አንድ ነገር ምን ያህል እንደሚርቅ መገመት ግን ሊምታታብዎት ስለሚችል ይጠንቀቁ» አለችኝ።

ኮምቦልቻ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ዘሀራ እግሯን ይዛ ተቀምጣለች። እሾህ ወግቷታል። በማግስቱ ደግሞ ደጋን ከተማ የእህቷ ልጅ የኒካህ ሰርግ አለ፤ እያነከሰች ልትሄድ ነው።

«እስቲ ጎረቤት ጥራልኝ» አለች።

«ለምን? እኔ እያለሁ!» አልኩና ወረንጦዬን አወጣሁ።

እውነትም እሾሁ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ወረንጦውን በሰደድኩ ቁጥር ግን የምይዘው አየር ነው። ትንሽ ገፋ ሳደርገው ደግሞ ጤነኛውን ቆዳ ቆነጠጥኩት።

«ወላሂ፣ ከአንተስ እሾሁ ይሻለኛል!» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

አጎንብሼ፣ አፍንጫዬ እግሯን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋሁ። በስተመጨረሻ ወረንጦው አንድ ነገር ያዘ። «ቢስሚላህ» ብዬ በኃይል ጎተትኩት።

ቤቱን ያናጋው ጩኸት የእኔ ነበር። የነጨሁት የገዛ ጢሜን ነው።

ዘሀራ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ወጣ? እኔን እኮ ምንም አላመመኝም» አለች።