የጎዶሎ ታርጋዋ ሚሌቼንቶ

የሺመቤት መኪናዋን በስሟ ጠርታት አታውቅም። «ጣውንቴ» ነበር የምትላት። ባሏ እሸቴ ከአብዮቱ በፊት አገሩ ከሚገባ ጣሊያን ላይ የገዛት ነጭ ፊያት ሚሌቼንቶ ናት። ቦሌ ሚካኤል ባለው ግቢያቸው የመኝታ ቤቱ ጣሪያ እያፈሰሰ የመኪናዋ መጠለያ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል። እሸቴ ግን ሥራ የሚሄደው በአውቶቡስ ነው። መንገዱ ጭቃ ከሆነ አትወጣም፤ አቧራ ከሆነም አትወጣም። ጭቃም አቧራም የሌለበት መንገድ ደግሞ በዚያ ሰፈር አልነበረም።

በኩፖን የሚሰጠውን ቤንዚን የሞተሩን ካንዴላ ያጥብበታል። ከሥራ ሲመለስ ካፖርቱን ሰቅሎ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ያጎነብሳል። ለሚስቱ አንድ ቀን እንደዚያ አጎንብሶ አያውቅም። ወንበሮቹ ከፋብሪካ የመጡበትን ላስቲክ እንደለበሱ ናቸው። የሺመቤት የእናቷ ተዝካር ዕለት እንኳ በታክሲ ነው የሄደችው። መሪዋን መንካትማ የማይታሰብ ነው።

አንድ ቀን የአጥር ጎረቤታቸው ሐሚዳ መጣች። የወሎ ሰው ናት፤ የባለሱቁ የአብዱልጀባር ሚስት። ልጇ ፈሂማ አትላስ አጠገብ ልትዳር ነው፤ ሙሽራው መኪና የለውም፣ የሚከራይም ጠፋ። የሺመቤት ባሏን ሳታማክር «እኛ አለን» አለቻት። የመጨረሻ ልጇን ቀብራ የተኛች ጊዜ እየለመነች ያጎረሰቻት ሐሚዳ ነበረች። ይህን ቃል ካጠፈች በምን ዓይኗ ታያታለች?

እሸቴ እሺ ማለቱ ገረማት። ሰው የሚያይለት ቀን በመምጣቱ ነው እንጂ ለፈሂማ አስቦ አልነበረም። ከመኪናዋ ፊት ያለውን ጥርስ የመሰለ ብረት በጨርቅ ሲፈትግ ሰነበተ። ቀበሌው በሠርጉ እሑድ ስብሰባ ጠራ፤ የቀረ ሰው ስሙ ስለሚያዝ ሠርጉ ለቀጣዩ እሑድ ተላለፈ። እሸቴ ጊዜ ተጨመረልኝ ብሎ ሰም ቀባት።

የሠርጉ ጠዋት ከረባቱን አስሮ፣ ቁልፉን ይዞ ከፊቷ ቆመ። ቆሞ ቀረ። በዚያ ዘመን፣ ቤንዚን ለመቆጠብ ተብሎ፣ እሑድ እሑድ ሙሉ ቁጥርና ጎዶሎ ቁጥር ታርጋዎች በየተራ ነበር የሚነዱት። የሚሌቼንቶዋ ታርጋ ጎዶሎ ነው። የጎዶሎ ተራ ደግሞ ያለፈው እሑድ ነበር። ሠርጉ ሲተላለፍ ተራዋም አብሮ እንዳለፈ አላሰበም።

«ጥርሷን ስትፍቅላት ከርመህ ታርጋዋን አላየህም?» አለችው የሺመቤት።

እሸቴ ሄዶ ሐሚዳን ይቅርታ ሊጠይቅ ተነሣ። የሺመቤት አላስጨረሰችውም። የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችና ከሙሽራው ጋር የመጡትን ሚዜዎች ጠርታ መኪናዋን እንዲገፉ አዘዘቻቸው።

ፈሂማና ሙሽራው ላስቲኩ ላይ ተቀመጡ። እሸቴ መሪ ጨብጦ፣ ሚዜዎቹ በአዲስ ሱፋቸው ከኋላ እየገፉ፣ ሴቶቹ ዳር ዳሩን እያጨበጨቡ ዳገቱን ያዙት። መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው። ዛሬ የሙሉ ቁጥር ተራ መሆኑን ሲነግረው እሸቴ ከረባቱን ያስተካክል ጀመር። የሺመቤት ቀደም አለች።

«ጓድ፣ እስቲ ጆሮህን ኮፈኑ ላይ ጣል። ሞተር ይሰማሃል? የተከለከለው መንዳት ነው፤ ይህቺ ዕቃ ናት፣ እየተገፋች ነው። አልጋ ብንገፋ ታቆመን ነበር?»

ፖሊሱ ሙሽራዋን አየ፤ የእሸቴን ከረባት አየ። ሳቁ እንዳይታይበት ፊቱን አዙሮ በእጁ አሳለፋቸው።

አትላስ ሲደርሱ ሐሚዳ የሺመቤትን አንገቷን አቅፋ ቆየች። 

ሚዜዎቹ ምሳ ገብተው በዚያው ቀሩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እሸቴ መኪናዋን የሰው ደጅ አላሳድርም አለ። መመለሻው ቁልቁለት ስለሆነ አንድ ገፊ ይበቃል፤ ግን መሪ የሚይዝ ያስፈልጋል። ግራ ቀኙን አየ፤ ማንም የለም። የቀረችው ሚስቱ ናት። ፊቱን አጨፍግጎ በሩን ከፈተላት።

የሺመቤት ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች። እሱ ከኋላ እየገፋ፣ ፍሬኑን ቀስ፣ ማርሹን እንዳትነኪ፣ መሪውን አትጭመቂው እያለ መንገዱን ሁሉ ለፈለፈ።  በመስተዋቱ ስታየው አጎንብሷል። እሱ ከሞተ በኋላ ከመልኩ ሁሉ አጥርታ የምታስታውሰው ያን ነው።

ሚካኤል አጠገብ ትንፋሽ አጥሮት ቆም አለ። የሺመቤት ክላክሱን አንዴ ነካችው።

«ምነው?» አለችው በመስኮት። «ለጣውንቴ ነው እኮ፤ ግፋ።»