ደራሽ ያለው ሙሀመድሰይድ

ጎረቤቴ ሙሀመድሰይድ ሥራው መጮህ ነበር። በኛ በራያ ቆላ ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው። ክረምት ሲሆን ግን ደጋው ላይ ይዘንብና፣ እኛን ፀሐይ እየጠበሰን ጎርፉ ድንገት ይመጣል። ደራሽ እንለዋለን። ሙሀመድሰይድ አፋፉ ላይ ተቀምጦ ተራራውን ያያል። የድንጋዩን መንከባለል ከሩቅ ሲሰማ "ደራሽ! ደራሽ!" ይላል፤ አሸዋው ውስጥ ያለ ሁሉ ሸክሙን ጥሎ ወደ ከፍታ ይወጣል። ለዚህ ውለታው ጎረቤት ተሰብስቦ ማሽላውን ያርምለታል።

"ያንተ ጉሮሮ እያለ የገበሬ ማኅበሩ ሬዲዮ መግዛቱ ለምን ነው?" ስለው፣

"ሬዲዮ የባትሪ ድንጋይ ይበላል እታለም፤ እኔ እሸት ነው የምበላ" ይለኝ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ወደ ቆቦ ገበያ የምንሻገርበት ድልድይ ይሠራ ተባለ። ድንጋዩን የተሸከምን እኛ ነን፤ ምሰሶውን ያቆሙት ከላይ የተላኩ ሰዎች ናቸው። ሙሀመድሰይድ የምሰሶውን ጉድጓድ አየና ኃላፊያቸውን፣ "ጓድ፣ ይሄ ገና አሸዋ ነው። ውሃ ስንቆፍር አለቱን የምናገኘው ሁለት ሰው ቁመት ዝቅ ብለን ነው" አለው።

"አባባ፣ የአብዮቱ በዓል ደርሷል። አለት ስንፈልግ በዓሉ ያልፈናል" አለው።

ለመስከረም ሪባን ተቆረጠ።

በተከታዩ ነሐሴ ከገበያ ስንመለስ ወንዙ ዳር ደረስን፤ ከብት ድልድይ ስለሚፈራ አሁንም በአሸዋው ነው የሚነዳ። ጎረቤቴ አስረሳሽ አህያዋ አሸዋው ውስጥ አልንቀሳቀስ ብላባት፣ "ይችን ዶሮ ያዥልኝ" ብላኝ ወረደች። ያኔ ሙሀመድሰይድ ጮኸ። አሸዋው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ወጣ፤ አፋፉ ገደል ስለሆነ ቅርብ ባለው መወጣጫ ወደ ድልድዩ ሮጠ። ከድልድይ በላይ ምን ከፍታ አለ? አስረሳሽም አህያዋን ትታ እዚያው ወጣች። ውሃው መጣ። መካከለኛው ምሰሶ እንደ ደከመ ሰው ተንበረከከ። የጩኸት ድምፅ እንኳ አልሰማሁም። ዶሮዋ ብብቴ ውስጥ ናት፣ አስረሳሽ የለችም።

አሥራ አንድ ሰው ሞተ። ሙሀመድሰይድ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። "እኔ ነኝ ያወጣኋቸው" ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም።

በአራተኛው ቀን ከሩቅ ከተማ መርማሪና ጸሐፊ መጡ። ዋርካው ሥር ሰው ተሰብስቦ ሳለ ጸሐፊው የሙሀመድሰይድን ቃል ጽፎ ጨረሰና በጣትህ ፈርም አለው። አውራ ጣቱ ቀለም ነክቷል። እኔ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ፊደል ከቆጠርኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው።

"ቆይ፣ እስቲ ልየው" አልኩ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። "ተከሳሹ ደራሽ እያለ ሕዝቡን ለእርዳታ ወደ ድልድዩ በመጥራቱ፣ ድልድዩ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ወድቋል" ይላል።

"ደራሽ ማለት ምንድነው?" አልኩት ጸሐፊውን።

"ለእርዳታ የሚደርስ ነዋ፣ እማማ። ድረሱልኝ ይባል የለ?"

"እኛ ዘንድ ደራሽ ጎርፍ ነው። የጮኸው ሽሹ ብሎ ነው።"

ሰዉ ሁሉ እውነቷን ነው አለ። መርማሪው ጥቂት አሰበና ፊቱ ፈታ አለ። ወረቀቱን ቀደደው። አዲሱን ራሱ ጽፎ ሰጠኝ፤ "ድልድዩ የወደቀው በደራሽ ጎርፍ ነው" ይላል።

"አሁንስ ልክ ነው፣ እናቴ?"

"ልክ ነው" አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሙሀመድሰይድ ፈረመ፤ ጣቱን አፈር ላይ እየጠረገ፣ "ምሰሶውስ? አሸዋ ላይ መቆሙ አይጻፍም?" አለ።

"ምርመራው አልቋል" አለው መርማሪው። "ጎርፍ አይከሰስ፣ አባባ።"

በጥቅምት ለአዲሱ ድልድይ እያንዳንዱ ቤት ማሽላ እንዲያዋጣ፣ አሥር ቀንም ድንጋይ እንዲሸከም ታዘዘ። የአስረሳሽ ባልም አዋጣ። ያ ኃላፊ ተመልሶ መጣ፤ ጉድጓዱም የዱሮው ጉድጓድ ነው። ድንጋይ እያቀበልኩት ሙሀመድሰይድ፣ "እታለም፣ እኔን አወጣሽኝ" አለኝ። ቀጥሎ ወደ ኃላፊው ተመለከተ። "እሱንም አብረሽ አወጣሽው።"

የሚቀጥለውን ድንጋይ አቀበልኩት።

እስካሁን ክረምት ሲገባ አፋፉ ላይ ይቀመጣል። ጩኸቱ ግን ረዝሟል። "ደራሽ! ደራሽ! ድልድዩ ላይ እንዳትወጡ!"