ሁለቱ ነጭ ፍሬዎች

ኻሊዳ የግድግዳ እንሽላሊት አይታ አታልፍም ነበር። በአንድ ምት ለገደለ ብዙ ምንዳ አለው ብለው እናቷ ድሬዳዋ ሳለች ነግረዋታል፤ እሷም በዚህ በተሰደድንበት የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 5 የሚባል ሰፈር ባለው ቤቷ ውስጥ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር የምትዞረው። እኔ ስርጉት፣ ድሬዳዋ ሰባት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩት፣ የግቢዋ ተከራይ ነኝ። "ተይ ኻሊዳ፣ ትንኝ ትበላልሻለች" ስላት "ቲቸር፣ ለአንቺ ትንኝ፣ ለእኔ ምንዳ" ብላ ትስቃለች። ሳቂታ ነበረች።

ሳቋን የሚወስድባት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከአኒስ ጋር ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ልጅ አልነበራቸውም። አኒስ ቡላኦስ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል፣ ዝምተኛ ነው፣ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልወጣውም። ዘመድ ግን በየዒዱ ከድሬዳዋ ይደውልና "ምን አዲስ ነገር አለ?" ይላል። ኻሊዳ ስልኩን ዘግታ ወጥ ቤት ትገባለች።

ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው የአኒስ ታላቅ እህት ሙንተሃ ነበረች። ባሏ ፈትቷት ከወንድሟ ሌላ መጠጊያ አልነበራትም። ኻሊዳ ታላቅነቷን አክብራ፣ በሐረሮች ደንብ "አባይ"፣ ታላቅ እህቴ፣ እያለች ነበር የምትጠራት። እኔ ዶራሌ ወደብ ካለው መሥሪያ ቤቴ አቧራ ለብሼ ስገባ ቀዝቃዛ ውሃ ይዛ የምትጠብቀኝም ሙንተሃ ነበረች።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ረመዷን ሊገባ ሲል፣ ኻሊዳ መኝታ ቤቷን ልታጸዳ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አራቀችው። ከጀርባው፣ እንጨቱ በተሰነጠቀበት ቦታ፣ ሁለት ነጭ ፍሬዎች ተወሽቀዋል። ሽንብራ የሚያክሉ፣ ደረቅ፣ እንደ ኖራ የነጡ። ሁለት ናቸው፤ ለባልና ለሚስት። ያሉትም በአልጋዋ ራስጌ በኩል ነው። ማህፀኔን የዘጋው ሲህር፣ ያ ድግምት፣ ተገኘ አለች።

አልፈርድባትም። እንቁላል ሲባል እኛ የምናውቀው ዶሮ የምትታቀፈውን ነው። አለዚያም ልጆች ሆነን ደቻቱ ወንዝ ጎድሎ በሚተወው ኩሬ ውስጥ እንቁራሪት የምትጥለውን፣ እንደ ተልባ የሚዝለገለገውን፣ ጥቁር ነጥብ ያለበትን። ነጥቡ ጭራ አውጥቶ ይዋኛል፣ ቆይቶ እግር ያበቅላል፤ ያንን ቁጭ ብለን አይተናል። እናትም ውሃም ሳይኖረው እንጨት ውስጥ የተወሸቀ ደረቅ እንቁላል ማን ያስባል?

ሙንተሃ አሰበች። እጇን እየጠረገች ከወጥ ቤት መጥታ አየችውና "ኧረ የእንሽላሊት እንቁላል ነው" አለች።

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

"ሪያድ ስሠራበት በነበረው ቤት አይቻለሁ።"

"ወላሂ አንቺ ነሽ! ያላስቀመጠ ሰው በምን ያውቃል?"

"አባይ" የሚለው ያን ቀን ቀረ። አኒስ ለምሳ ሲገባ ሚስቱ ታለቅሳለች፣ እህቱ ቆማለች። ዝም አለ። ያ ዝምታው ዛሬም ያናድደኛል። ሙንተሃ ጥቂት ጠበቀችው፣ ከዚያ አንድ ሻንጣ ይዛ ወጣች። እኔ ከሥራ ስመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ሲህር ተገኘ ይላል። በሰው ቤት ጉዳይ ምን አገባኝ ብዬ በሬን ዘጋሁ። እስቲ አሳዩኝ ብል ኖሮ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። አላልኩም።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ጥጉ ላይ ሙዝ የሚሸጠው ሳቢት ወደ ኦቦክ በሚሄድ መኪና ላይ እንዳያት ነገረን። ከኦቦክ ወደ የመን የሚኬደው ባሕሩን በስደተኛ ጀልባ አቋርጦ ነው። ስልኳ ከዚያ ወዲህ ዝግ ነው።

ኻሊዳ ፍሬዎቹን በባዶ የማርማላታ ጠርሙስ አድርጋ፣ አፉን በስስ ጨርቅ አስራ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው። ሲህር የሚያከሽፉት ሼህ ከድሬዳዋ የሚመጡት ከዒድ በኋላ ነበር። ሼሁ ሳይመጡ ግን ኻሊዳ አረገዘች። ሰፈሩ በሙሉ "አያችሁ፣ ሲህሩ ሲነሳ?" አለ። እኔም፣ የባዮሎጂ አስተማሪዋ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ብዬ አቀፍኳት።

ሼሁ ዘግይተው፣ ጠርሙሱ ከተቀመጠ ሁለት ወር ገደማ ሆኖታል። አንድ አርብ ከቀትር በኋላ፣ ከተማው በሙቀት በሩን ዘግቶ በተኛበት ሰዓት፣ "ቲቸር!" የሚል ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ። ኻሊዳ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛለች። ውስጡ ባዶ ቅርፊትና የክብሪት እንጨት የሚያህሉ ሁለት እንሽላሊቶች አሉ። በትንንሽ መዳፋቸው ብርጭቆውን ይቧጥጣሉ።

"ምንድን ናቸው?" አለችኝ። እያየቻቸው።

"እንሽላሊት። እናቲቱ ሁለት ሁለት እየጣለች ስንጥቅ ውስጥ ትወሽቅና ትሄዳለች። አትታቀፍም፣ ተመልሳም አታይም። ቅርፊቱ አየር ሲያገኘው ይደርቃል፣ ከዚያ በሙቀቱ ብቻ ይፈለፈላል።"

"በስንት ጊዜ?"

"ሁለት ወር ቢሆን ነው።"

"ሁለት ወር ዝም ብዬ ብጠብቅ ኖሮ" አለች። "ነግራኛለች እኮ፣ ስርጉት። እንቁላል ነው ብላኛለች።"

"አዎ፣ ነግራሻለች" አልኳት። ላጽናናት አልቻልኩም፤ በእሷም በራሴም ተናድጄ ነበር።

ነጠላ ጫማዋ እግሯ ሥር ነበር፣ አላነሳችውም። ጨርቁን ፈትታ ጠርሙሱን ግድግዳው ሥር አጋደመችው። አንዱ ወጣ፣ ቆይቶ ሌላውም ተከተለው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት እንሽላሊት አይገደልም። በየጥቂት ወሩ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ሁለት ነጭ ፍሬ ይገኛል፣ ማንም አይነካውም። እንሽላሊቶቹ ከንፈር እንደሚመጥ ሰው ከጣሪያው ሥር ድምፅ ያሰማሉ። ኻሊዳ ቀና ብላ "ሰምቻለሁ" ትላለች። ለማን እንደምትል ጠይቄያት አላውቅም። እኔም ከዶራሌ ስመለስ ውሃውን ራሴ እየቀዳሁ ያ ድምፅ ሲሰማኝ ብርጭቆውን አስቀምጣለሁ።

ሴት ልጅ ወለደች። ዘመድ በስልክ የስም መዓት አወረደ፤ እሷ ሙንተሃ ነው ስሟ ብላ ቁርጥ አደረገችው። አኒስ ያን ቀን በፊታችን አለቀሰ። ልጅቷ አሁን ድክ ድክ ትላለች፣ ኻሊዳም በቀን ሃያ ጊዜ "ሙንተሃ!" ብላ ትጠራታለች። ልጅቷ እግሯ ሥር ቁጭ ብላ እንኳ፣ ኻሊዳ ስሙን ጠርታ መጀመሪያ የምታየው የውጭውን በር ነው።