በማራገቢያዋ ላይ የታሰረው ክር

ሰፈሩ «ባለጆሮው» ይለዋል። ሥራው የተጣለ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ማደስ ነው። አቧራውን አራግፎ፣ ያበጡትን ካፓሲተሮች ለውጦ፣ ውስጡ ባለማዞሪያ ሬዚስተር ይበይድለታል። ማዞሪያው ሲነካ ቮልቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንዱ ሬዲዮ ያስነሳበታል፣ ሌላው ባትሪ ይሞላበታል።

ቮልት የሚለካበት ቴስተር አለው፤ የሚያነሳው ግን ደንበኛ ሲጠራጠር ብቻ ነው። የፓወር ሰፕላዩ ሳጥን ማራገቢያ የምትዞረው በዚያው በሚወጣው ቮልት ስለሆነ፣ ቮልቱ ሲጨምር ድምጿ ይቀጥናል። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ያዳምጣል፤ ደንበኛው ያዞራል። «በቃ! አሥራ ሁለት» ይላል። ሲለካም አሥራ ሁለት ነው። ሃያ ዓመት በዚህች ጉራ ኖረ፤ አንድም ቀን አላሳፈረችውም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። መስማቱ መድከሙን ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ፣ ያልሰማው እሱ ብቻ ነበር። እዚያው ክፍል ጥግ ላይ ልብስ የምትሰፋው ሚስቱ ግን ታውቃለች፤ ከጠራችው ሦስቴ ነው።

አንድ ቀን የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ በአሥራ ሁለት ቮልት የሚሠራ የመቁረጫ ማሽኑን ሰክቶ ማዞሪያውን ያዘ። ባለጆሮው ጀርባውን ሰጠ።

«አዙር… ትንሽ ጨምር… ጨምር…»

ማሽኑ ጮኸ፤ ጨሰ፤ ዝም አለ። ቴስተሩ አሥራ ስምንት አለ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምን ነካዎት?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ባለጆሮው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ሱቁን ሦስት ቀን ዘጋ።

«ቴስተር አለህ አይደል እንዴ?» አለችው ሚስቱ።

«ቴስተርማ ማንም አለው!»

አንጀቷን በላት፤ ግን አላባበለችውም። ከክር ጥቅሏ ቀይ ክር በጥርሷ በጠሰች፣ በማራገቢያዋ የሽቦ መከለያ ላይ አሰረችና ሳጥኑን አበራች። ክሩ ከነፋሱ ጋር ብድግ አለ።

ባለጆሮው ሳምንቱን ሙሉ ቴስተር በአንድ እጁ፣ ማዞሪያ በሌላው ይዞ ክሩን አጠና። አምስት ቮልት ላይ ክሩ ይልፈሰፈሳል። አሥራ ሁለት ላይ ቀጥ ብሎ ይተኛል። ከዚያ ካለፈ እንደ ጅራፍ ይወናጨፋል።

ፀጉር አስተካካዩ በአዲስ ማሽን ተመለሰ፤ ቴስተሩንም አስቀድሞ ሰካ። ባለጆሮው ዛሬ ጀርባውን አልሰጠም፤ ጎኑን ሰጠ።

«በቃ! አሥራ ሁለት።»

አሥራ ሁለት ነበር።

«ጆሮዎ ተመለሰ በሉኛ!» ብሎ ሳቀ ፀጉር አስተካካዩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቺ ክር ግን ለምንድን ናት?» አለ።

ባለጆሮው አልሰማም።

«ለጌጥ ናት» አለች ሚስቱ፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።